ጨው የነካው በረዶ

ባለፈው ወር ከኮሌጅ ስመለስ ሚኒባሱ ኤደን ውስጥ ሁጀይፍ የሚባለው ሰፈር ላይ ተበላሸና ቀሪውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ወደቡ አጠገብ ዓሣ ከሚወርድበት ቦታ ስደርስ የእርጥብ ጆንያ፣ የሚቀልጥ በረዶና የሻካራ ጨው ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ገባ። ሌላ ሰው የዓሣ ሽታ ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል። እኔ ቆሜ ሆዴን በእጄ ያዝኩ፤ ከእምብርቴ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ፣ መርፌው ይገባበት የነበረውን ቦታ። እጄ ለምን ወደዚያ እንደሄደ የገባኝ ጥቂት ቆይቶ ነው።

የነርስነት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለዚያ በሽታ አሁን ያወቅኩት አለ፤ ያላወቅኩትም ይበዛል። እዚህ የምጽፈው ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ የሙቀት ወራት የሆነውን ነው። በስህተት ያመንኩትንም እንዳመንኩት ለመተው ሞክሬያለሁ።

እናቴ ዘህራ የወሎ ሰው ናት። ተዋሂ በሚባለው ሰፈር አንዲት ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ቤት ትሠራ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ጅዳ ይላቸዋል፤ በዓረብኛ አያት ማለት ነው። እኔና እናቴ የምንኖረው እዚያው ቤት፣ ጣሪያው ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ከመስኮታችን የመርከብ ማንሻዎቹ ይታዩ ነበር።

በሽታው መጀመሪያ የታየው ቅልጥሜ ላይ ነው፤ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ቀያይ ነጠብጣቦች። እናቴ ትኋን ነው አለች። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣች፣ የአልጋውን ብረት በፈላ ውሃ አጠበች፣ ግድግዳውን በጋዝ ወለወለች። ነጠብጣቦቹ ጨመሩ። ከዚያ ሳልወድቅ፣ ማንም ሳይመታኝ ጭኔና ክንዴ ይበልዝ ጀመር። በለዙ መጀመሪያ ሰማያዊ ይሆንና ሲሰነብት ወደ ቢጫ ይለወጣል። እኔ ያማረ ነገር መስሎኝ ማታ ማታ እቆጥረው ነበር።

አንድ ቀን ጅዳ ሻይ ሳቀብላቸው ክንዴን አዩና እናቴን ጠሯት።

«ይህቺን ልጅ በምንድን ነው የመታሻት?»

«ወላሂ አልነካኋትም፣ ጅዳ።»

«እኔ ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ። የጥፊን ምልክት አውቃለሁ፣ የዱላንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይሄ የየትኛው ነው?» አለች እናቴ።

ጅዳ መነጽራቸውን አድርገው ክንዴን ደጋግመው አገላበጡት። ቆይተው «የየትኛውም አይደለም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ከቁጣው ይልቅ አስፈራኝ።

እናቴ የሞተ ደም ነው፣ በዋግምት መውጣት አለበት ብላ ወሰነች። በሳቲን በሚባለው ሰፈር የምትኖር አንዲት የአገሯ ሴት ቀንድ ይዛ እንደመጣች ሰምታ ለጁምዓ ቀጠሮ ያዘች። ከጁምዓ በፊት፣ ማክሰኞ ቀን፣ አፍንጫዬ መድማት ጀመረ፤ ሁለት ፎጣ ካበላሸ በኋላም አልቆመም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ እናቴን ምን አድርገሽላት ነበር ብሎ ጠየቃት። ስለ ዋግምቱ ቀጠሮ ስትነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ምላጭ ነክቷት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር» አላት።

ከዚያ ነገሩን አስረዳን። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ፕላትሌት ይባላሉ። የሰውነቴ ጠባቂዎች እነሱን ጠላት እየመሰሏቸው ያጠፏቸዋል። ጤነኛ ልጅ ከመቶ ሃምሳ ሺህ በላይ ሲኖረው የእኔ ስምንት ሺህ ነበር።

ጠባቂዎች ሲል እኔ የመጣብኝ ኑቅጣ ነው፤ መንገድ ላይ ወታደሮች ወረቀት የሚጠይቁበት ኬላ። ሚኒባሳችን ኑቅጣ ሲደርስ እናቴ ወሬዋን ታቆማለች፣ ሻሿን ታስተካክላለች፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ መታወቂያዋን ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። በእኔም ውስጥ እንዲህ ያለ ኑቅጣ ያለ መሰለኝ። ወታደሩ የራሴን ሰዎች ያስወርዳል፣ ወረቀታቸውንም አይቀበልም። ለምን እንደማይቀበል ሐኪሙም አያውቅም ነበር፤ እንደማያውቅ መናገሩ ደስ አለኝ።

መጀመሪያ የሰጡኝ ክኒን ፊቴን አሳበጠውና ብዙም አልሠራም። ቀጥሎ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መድኃኒት ታዘዘ። ኤደን ውስጥ ስላልተገኘ ጅዳ ሳዑዲ ለሚሠራ ልጃቸው ደወሉ፤ እሱም በሰው እጅ አራት ብልቃጥ ላከ፣ ለአራት ሐሙስ። የተላከው ለእኔ መሆኑን አላመንኩም ነበር። ጅዳ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ መብራት ላይ ከፍ አድርገው ካዩ በኋላ «ይህ ከሽንኩርት ጋር አይቀመጥም» ብለው ፍሪጃቸው ውስጥ ለብቻው መደርደሪያ አስለቀቁለት።

የሚወጉኝ አሚ ሷሊህ ናቸው፤ አሚ በዓረብኛ አጎቴ ማለት ነው። አባታቸው ከአገራችን የመጡ፣ እናታቸው የኤደን ሴት ነበሩ። ድሮ በወደቡ ሆስፒታል ቁስል አጣቢ ሆነው ሠርተዋል፤ ያኔም ራሳቸውን «ድሬሰር» ብለው ይጠሩ ነበር። ተዋሂ ውስጥ ከሰዓት ጠጋኝ ሱቅ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረቻቸው። ብልቃጡን ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ አንስተው ያዩታል፣ ቢስሚላህ ይላሉ፣ የሆዴን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ ያደርጋሉ።

«ስቴዲ» ይሉኛል፤ ሳትነቃነቂ ማለታቸው ነው። «ሥጋ የለሽም እንዴ አንቺ? እናትሽ ምን ታበላሻለች፣ ወሬ?»

«ሩዝ።»

«ሩዙ የት ሄደ ታዲያ? እኔ የማገኘው ቆዳ ብቻ ነው።»

መርፌው አጭርና ቀጭን ነበር። ከወጣ በኋላ ጥጡን ለረጅም ጊዜ ተጭኜ እይዛለሁ፤ እሳቸው በሰዓታቸው ይቆጥራሉ። መድኃኒቱ ወታደሮቹን እንደማያባርር፣ ይልቅ አዳዲስ ፕላትሌቶች በብዛት እንዲሠሩ እንደሚያደርግ ነገሩኝ። ይህ በደንብ ገባኝ። በዒድ ዋዜማ መኪናው ሲበዛ ወታደሮቹ ይሰለቻቸውና ሁሉንም እለፍ እለፍ ይላሉ። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ቁጥሬ ወደ ሠላሳ ሺህ ወጣ። እናቴ ሐኪሙ ፊት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ዱዓ አደረገች፤ ጅዳም ለሦስት ጎረቤት ሩዝና ዓሣ ላኩ።

በዚያው ሳምንት መብራት መጥፋት ጀመረ። በቀን ሁለት ሰዓት መጥቶ ሌላውን ጊዜ ይጠፋል። የጅዳ ፍሪጅ በሩ ሲከፈት የሚወጣው አየር ከውጭው አይለይም ነበር። አሚ ሷሊህ አንድ የበረዶ ሳጥን ሰጡንና አሠራሩን አሳዩን፤ ታች በረዶ፣ በላዩ የታጠፈ ወፍራም ጨርቅ፣ ከጨርቁ በላይ ብልቃጦቹ በጣሳ። «ሁለት ነገር አደራ» አሉ። «እንዳይሞቅ። እንዳይናጥ።» ሦስተኛ ነገር አልጨመሩም። በኤደን ሙቀት መድኃኒት በብርድ ይጎዳል ብሎ ማስጠንቀቅ ለማንም የሚመጣ ሐሳብ አልነበረም።

በረዶውን በየቀኑ የማመጣው እኔ ሆንኩ። ገመድ መዝለል ተከልክያለሁ፣ መሮጥ ተከልክያለሁ፣ ቢላ መያዝ፣ ጥርሴን በጠንካራ ብሩሽ መፋቅ ጭምር ተከልክያለሁ። ትምህርት ቤትም ልጆች ይገፈትሩሻል ተብዬ ቀርቻለሁ። ለእኔ የቀረልኝ ሥራ በረዶው ብቻ ነበርና ከማንም የተሻለ ልሠራው አሰብኩ።

በረዶ ሻጩ ጋሽ ይማም ከሁጀይፍ በጋሪ እያመጡ የመንገዳችን ማዕዘን ላይ ይሸጣሉ። ወደ ሳዑዲ ለማለፍ ከአገር የወጡ ሰው ናቸው። ለሁለት ሳምንት ብለው ኤደን ከቆሙ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

«ጋሽ ይማም፣ መቼ ነው የሚሄዱት?» እላቸዋለሁ።

«መንገድ ላይ ነኝ እኮ» ይሉኛል በረዶውን በወስፌ እየፈለጡ። «መንገደኛን ቁጭ በል አይሉትም። ልጅ፣ ያ መድኃኒትሽ ዛሬስ ላብ አላላበውም?»

«በረዶው ከሰዓት በኋላ ውሃ ይሆናል።»

«ጨው አታደርጊበትም? ዓሣ አጥማጆቹ ምን እንደሚያደርጉ አላየሽም? ሻካራውን ጨው ሲነሰንሱበት በረዶው ይናደዳል። ዓሣው እንደ እንጨት ነው የሚደርቀው።»

አላመንኳቸውም። እሳቸው ጨው ከነካው በረዶ ቁራጭ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ወዲያው እጄን ቆነጠጠኝና ጣልኩት። በልቤ ይህን ያህል ብርድ ካለ መድኃኒቱ ምንኛ ይደሰታል ብዬ አሰብኩ። ከጅዳ ወጥ ቤት ሁለት ጭብጥ ጨው ወሰድኩ። ለሦስት ቀን በረዶው ላይ ነሰነስኩ። በሦስተኛው ቀን ጨርቁ በጨው ውሃ ስለራሰ አውጥቼ አሰጣሁትና ጣሳውን እበረዶው መሐል ቀበርኩት።

ረቡዕ ከሰዓት ስከፍተው ሦስቱም ብልቃጦች ውስጥ ነጭ ላባ የመሰለ ነገር በቅሎ ነበር። በጣም ያምራል። አንዱን በመዳፌ ይዤ ሳሞቀው ላባው ቀለጠ፤ ፈሳሹ ውስጥ ግን የሸረሪት ድር የሚመስል ክር ተንሳፍፎ ቀረ። ብልቃጡን አዘነበልኩት፣ ክሩ ተከተለ። ከሌሎቹ ሁለት ላባው ሲቀልጥ ምንም አልቀረም፣ እንደ ንጹህ ውሃ ሆኑ። ጨርቁን መልሼ አነጠፍኩ፣ የጨው ውሃውን ደፋሁ፣ አዲስ በረዶ ያለ ጨው አስገባሁ። ለእናቴ ምንም አላልኩም።

ሐሙስ አሚ ሷሊህ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አነሱ። ያነሱት ክር ያለበትን ነበር። አዘንብለው አዩት።

«ይሄ ተበላሽቷል» አሉ።

እናቴ ከወንበሯ ተነሣች። «አላህ! ምን ሆነ?»

«እንጃ። መንገድ ላይ ይሆናል። አብሽሪ፣ ሌላ አለ።» ሁለተኛውን አነሱ፤ ሦስተኛውንም። «እነዚህ ደህና ናቸው። አልሐምዱሊላህ።»

እናቴ ተቀመጠች፣ እጄንም ያዘች። «በረዶውን የምታመጣው እሷ ናት እኮ፣ አሚ ሷሊህ። አንድ ቀን አላጓደለችም።»

«ጎበዝ ናታ» አሉ። «ለዚህ ነው ሁለቱ የተረፉት።»

መርፌውን ሲሞሉ አየሁ። አፌን ብከፍት የሚወጣው ነገር አፌ ውስጥ ነበር። እናቴ እጄን እንደያዘች ናት። ጎበዝ መባሌ ገና ክፍሉ ውስጥ ነበር። «ስቴዲ» አሉኝ፣ እኔም አልተነቃነቅኩም። የሚቀጥለው ሐሙስም ሦስተኛውን ወጉኝ።

ነጠብጣቦቹ ተመለሱ። ድዴ መድማት ጀመረ፤ ጠዋት ጠዋት ትራሴ ላይ ቡናማ ምልክት አገኝና እናቴ ሳታይ ትራሱን እገለብጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ ባለው ሐሙስ ሐኪሙ ደሜን አስመረመረ። ዘጠኝ ሺህ። ወረቀቱን ደጋግሞ አየና መድኃኒቱ በመጀመሪያ ሠርቶላት ነበር፣ አሁን ግን ሰውነቷ መቀበል አቁሟል አለ። ሌላ ብልቃጥ ማስመጣት እንደማይጠቅም፣ የቀረው ጣፊያዬን በቀዶ ጥገና ማውጣት እንደሆነ ነገራት። ፕላትሌቶቼ የሚጠፉት በብዛት እዚያ ስለሆነ።

እናቴ «ልጅ ያለ ጣፊያ ይኖራል?» ብላ ጠየቀች።

«ይኖራል። ግን አደጋ አለው፤ ቀዶ ጥገናውም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ኢንፌክሽንም። ለዚህ ነው ወደዚያ ለመሄድ ያልቸኮልነው።»

ጣፊያ የማውቀው በዐረፋ በግ ሲታረድ ነው። ጅዳ ጣፊያውን አይበሉም፣ ለድመታቸው ይሰጡታል። የእኔንም ለድመት የሚሰጡት መሰለኝ፤ ደግሞ ድመቷ ከዚያ በኋላ በእኔ ላይ ምን ዓይነት መብት ይኖራታል ብዬ ብዙ አሰብኩ። ከዚህ በላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ አውቅ ነበር። መድኃኒቱ አላቆመም። እኔ ነኝ ያቆምኩት። ይህን ከእኔ በስተቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ ካልተናገርኩ ሆዴን ይከፍቱታል።

ለሁለት ቀን አልተናገርኩም። በሁለተኛው ቀን እናቴ የፊርማ ወረቀቱን ተቀብላ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ የስኳር ዕቃ ጫነችበት። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ልብስ ስታጥብ እኔ ወጥቼ ብቻዬን አሚ ሷሊህ ጋ ሄድኩ።

«ዛሬ ሐሙስ አይደለም» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«እናትሽስ?»

«ልብስ ታጥባለች። አሚ ሷሊህ፣ ሦስቱም በረዶ ሆነው ነበር።»

«ምኖቹ?»

«ብልቃጦቹ። ክር ያለበት ብቻ አይደለም። ሦስቱም። ጨው አድርጌበት ነበር።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «የምን ጨው?»

ነገርኳቸው። ስንት ጭብጥ እንደሆነ፣ ስንት ቀን፣ ጨርቁ የት እንደነበረ ጠየቁኝ፤ እየጠየቁ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጻፉ። እኔ እያለቀስኩ አልነበረም፤ እንደ ፈተና ነበር የምመልሰው። ሲጨርሱ ግንባራቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ሠላሳ ዓመት መርፌ ስወጋ» አሉ፣ «ኤደን ውስጥ መድኃኒት በብርድ ሞተ ሲባል ዛሬ ገና ሰማሁ።» ቀጥለውም፣ «ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጎበዝ ናት ብለው ነበር።»

ኮፍያቸውን አድርገው እጄን ያዙ፤ በመንገዳችን እናቴን ጠርተን ሦስታችንም ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ፊት ስንቆም እሳቸው ወረቀቱን ኪሳቸው ውስጥ አድርገው «እሷ ትናገራለች» አሉ። እንደገና ከመጀመሪያው ተናገርኩ። እናቴ ነገሩን የሰማችው እዚያ ነው።

ጨዉ ላይ ስደርስ ሐኪሙ ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ግን አልሳቀም። «እንግዲያው መድኃኒቱ በደንብ አልተፈተነም ማለት ነው» አለ። የቀዶ ጥገናውን ቀጠሮ ሰረዘ። አዲስ መድኃኒት እስኪመጣ አልጋ ላይ እንድቆይ፣ ደም ካልቆመ በሌሊትም ቢሆን እንድንመጣ አዘዘ።

በሚኒባሱ እናቴ ወደ ውጭ እያየች ሄደች። ኑቅጣው ላይ መታወቂያዋን ለማውጣት ዘገየች፤ ወታደሩ ሁለት ጊዜ ጠየቃት። አልመታችኝም፣ አልጮኸችብኝም። ቤት ስንደርስ የበረዶ ሳጥኑን አንስታ ጅዳ ክፍል ወሰደችው። በማግስቱ በረዶውን ራሷ ልትገዛ ወርዳ ከጋሽ ይማም ጋር ስትነጋገር ከጣሪያው ሰማኋቸው።

«ልጄን ልትገድላት ነበር!»

«ለዓሣ ነው ያልኳት፣ እህቴ። ለዓሣ! ለሰው ብያለሁ? እኔ ስለ መድኃኒት ምን አውቃለሁ፤ ባውቅ እዚህ በረዶ እፈልጣለሁ?»

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እናቴ ስትመለስ በረዶው ከወትሮው ይበልጥ ነበር።

መድኃኒቱ እስኪመጣ አሥራ ሦስት ቀን ፈጀ። እናቴ በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ቅልጥሜን ገልጣ በአውራ ጣቷ ትነካካለች፣ ድዴን ታያለች፣ ትራሴን ትገለብጣለች። ምንም አትጠይቀኝም። ቀድሞ «አመመሽ እንዴ?» ትለኝ ነበር፤ አሁን ራሷ ታያለች። አንድ ቀን አፍንጫዬ ደምቶ ጭንቅላቴን ወደ ፊት ደፍታ አፍንጫዬን ቆንጥጣ እስኪቆም ያዘችኝ። የዙህር አዛን ሲጀምር ይዛኛለች፣ ጅዳ ሰግደው ሲጨርሱም ይዛኛለች።

አዲሱን መድኃኒት ሁለት ሐሙስ ተወጋሁ። ከዚያ ደሜ ተመረመረ፤ ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ክፍል ስለነበር ወረቀቱን ከመስኮት ሰጡንና ይዘነው ወደ ቤት ተመለስን። እናቴ ማንበብ አትችልም። ወጥ ቤት ውስጥ አጠገቧ ቆሜ አነበብኩላት።

«ስልሳ አራት ሺህ።»

ዓሣ እየጠረገች ነበር። እጇ ቆመ። «ስንት አልሽ?»

«ስልሳ አራት ሺህ፣ እማ። እዪው፣ ስድስትና አራት።»

ዐየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። እጇን በሳሙና ታጠበች፣ በፎጣ አደረቀች፣ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ወደ ጅዳ ክፍል ገባች። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቀረሁ። ጅዳ መነጽራቸውን ሲፈልጉ ሰማሁ፣ ሲያገኙትም። ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ጅዳ በዓረብኛ ቁጥሩን ቀስ ብለው አነበቡት፤ እኔ ያልኩት ቁጥር ነው።

እናቴ አልሐምዱሊላህ ያለችው ያን ጊዜ ነው።